ክሩ ተበጠሰ፤ ማሽኑ በምን አወቀ?

አንድ ሌሊት የጥገና ተረኛ ነበርኩ። ቦታው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ ስሙ ይቆየን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ወሩ ኅዳር ነው፤ ውጭው ውርጭ። ድር ማድሪያው ማሽን ላይ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ ኦፕሬተር አሉ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። በእጃቸው ጠሩኝ። በዚያ ጩኸት መሃል በአፍ መጥራት አይታሰብም።

«እስቲ ይሄን ማሽን እየው» አሉኝ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው።

«ምን ሆነ እትዬ?»

«ምንም አልሆነም። እሱ ነው የጨነቀኝ። ከማታ ጀምሮ አንዴ እንኳን አልቆመም።»

ሳቅኩ። የማይቆም ማሽን የሁሉም ሰው ምኞት ነው። የፈረቃው አለቃ የተጠቀለለውን ሜትር የሚያሳየውን ቆጣሪ እያየ ፊቱ በርቷል። እትዬ ግን አልሳቁም። «ትናንት በዚሁ ክር ስምንት ጊዜ ቆሟል። ዛሬ ምን አግኝቶ ጨዋ ሆነ?» አሉ።

ባትሪ ይዤ ወደ ኋላ ዞርኩ። ሁለት ክሮች ተበጥሰው ተንጠልጥለዋል። ማሽኑ ከፊት ሽው እያለ ይጠቀልላል።

ምን እንደተፈጠረ ለመረዳት ማሽኑ በደህና ቀን እንዴት እንደሚቆም ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ድር ምን እንደሆነ።

ጨርቅ ሁሉ ድርና ማግ ነው። ድሩ በቁመት የሚዘረጋው ነው፤ ማጉ በአግድም የሚገባው። መንዝ አያቴ ዘንድ ባና ሲሠራ አይቻለሁ። አያቴ የበግ ጠጉር ትፈትላለች፤ ሸማኔው ያደራል። ችካል ይተክልና ክሩን ይዞ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ሲሄድ ሲመጣ፣ ሲሄድ ሲመጣ ነው። ክሩ በጣቶቹ መሃል ያልፋል። ከተበጠሰ ወዲያው ይቆማል፣ ይቋጥራል፣ ይቀጥላል። ማን ነገረው? ጣቱ ነዋ። ክሩ ጣቱ ላይ ያለው ውጥረት ጠፋ፣ እግሩም ቆመ። መላው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህችን የጣት ስሜት ለብረት እንዴት እናስተምር የሚል ነው።

ደብረ ብርሃን ሲባል ብርድ ልብስ ትዝ የማይለው ሰው ጥቂት ነው። ብርዱም፣ ብርድ ልብሱም አላት። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ከተማዋ ውስጥ የተተከለው በ1950ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም መጥተዋል፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2011 ዓ.ም. ተመርቋል። እንግዲህ በዚህ አካባቢ ድር በእጅ ማድራትና በማሽን ማድራት የአንድ ቀን መንገድ እንኳን አይራራቁም።

በፋብሪካ ሲሆን ችካሉ ይቀርና ክሪል የሚባል ነገር ይመጣል። ክሪል ማለት ኮኖች፣ ማለትም ክር የተጠቀለለባቸው ሾጣጣ ማጠንጠኛዎች፣ የሚሰኩበት ትልቅ የብረት መደርደሪያ ነው። አምስት መቶ ኮን ቢሰካ አምስት መቶ ክር ይወጣል። ሁሉም ጎን ለጎን ተሰልፈው ወደ ፊት ይሄዱና ቢም ላይ ይጠቀለላሉ። ቢም በሁለት ጫፉ ሰፊ ክብ ብረት ያለው ትልቅ መጠቅለያ ነው። በኋላ እንዲህ ዓይነት ስድስት ቢም አንድ ላይ ተደርጎ ክሩ ስታርች ይጠጣል። ስድስት ጊዜ አምስት መቶ፣ ሦስት ሺህ ክር። ያ ነው ወደ ሽመና ማሽኑ የሚሄደው።

አሁን አንዱ ክር ይበጠስ። ማሽኑም አይቁም። የቀሩት 499 ክሮች መጠቅለላቸውን ይቀጥላሉ። የተበጠሰው ጭራ ቢሙ ላይ ይገባና ሌሎቹ በላዩ ይጠቀለሉበታል። ተቀበረ ማለት ነው። አንድ ሺህ ሜትር ካለፈ በኋላ ብታውቅ ጭራውን ለማግኘት ያንን ሁሉ መልሰህ መፍታት አለብህ። ማንም አያደርገውም። ካላወቅክ ደግሞ ስታርች በሚጠጣበት ጊዜ ጭራው ከጎረቤቱ ክር ጋር ይጣበቃል፣ ሲላቀቅ ጎረቤቱንም ይዞ ይበጠሳል። ከዚያም ቢያመልጥ ጨርቁ ላይ በቁመቱ ሙሉ ቀጭን ክፍተት ይወጣል፤ እንደ ፍንጭት ጥርስ። ጨርቁን ወደ መስኮት አንስታችሁ ብታዩት ብርሃን በመስመር ያልፍበታል። ገዢ ይሄን ያያል። ቆጣሪ አያይም።

ደግሞ ክር መበጠሱ አይቀርም። አምስት መቶ ክር እያንዳንዱ 10,000 ሜትር ቢጠቀለል በጠቅላላው አምስት ሚሊዮን ሜትር ክር ነው። ለምሳሌ በአንድ ሚሊዮን ሜትር አንድ ጊዜ ብቻ የሚበጠስ ደህና ክር ነው ብንል እንኳ፣ አንድ ቢም እስኪሞላ አምስት ጊዜ ይበጠሳል። ቀጭን ቦታ አለ፣ ቋጠሮ አለ፣ በመጥፎ የተጠቀለለ ኮን አለ። የኛ አገር ደረቅ ብርድም ያግዘዋል። የጥጥ ክር እርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል፤ ሲደርቅ ይሰባበራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው። ቤቱ ውስጥ ውሃ ካልተረጨ ከጥቅምት እስከ ጥር ክሩ ይነጫነጫል። ሹራብ ስታወልቁ ጠጉራችሁን የሚያቆመው ኤሌክትሪክም ክሩ ላይ ይፈጠራል፤ ብናኙን እየሳበ ይለጥፋል።

ስለዚህ ማሽኑ ራሱ ማወቅ አለበት። ቀላሉና የቆየው ዘዴ ይሄ ነው።

የልብስ ማስጫ ገመድ አስቡ። ገመዱ ላይ ሸሚዝ ተሰጥቷል። ገመዱ ቢበጠስ ሸሚዙ መሬት ይወድቃል። በቃ። ድሮፕ ዋየር የሚባለው ነገር ያ ሸሚዝ ነው። ቀጭን የብረት ቁራጭ ነው፤ በእያንዳንዱ ክር ላይ አንድ አንድ ይንጠለጠላል። ክሩ ተወጥሮ እስካለ ድረስ ብረቷን ተሸክሟት ይቆያል። ክሩ ሲበጠስ ብረቷ ትወድቃለች። ከሥር እርስ በርስ የማይነካኩ ሁለት የኤሌክትሪክ ዘንጎች አሉ። ብረቷ በሁለቱ ላይ ስታርፍ ድልድይ ትሆናለች፤ ኤሌክትሪኩ ያልፋል፤ ሪሌዩ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዘው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ጠቅ ይላል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ፍሬኑ ይይዛል። በዚያው ረድፍ ላይ አንዲት መብራት ትበራለች፤ ኦፕሬተሩ አምስት መቶ ኮን እየዞረ እንዳይፈልግ። የቤት ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ነው፤ የሚጫነው ጣት ሳይሆን የተበጠሰ ክር ብቻ ነው።

ዘንጎቹ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ አነስተኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ24 ቮልት አይበልጥም። ለምን ቢባል ቤቱ በጥጥ ብናኝ የተሞላ ነው። የጥጥ ብናኝ መሃል ትልቅ የእሳት ብልጭታ መጫወት ምን እንደሚያመጣ መናገር አያስፈልግም። ግን ይሄው ትንሽ ቮልት ሌላ ጣጣ አለው። ዘንጉ ላይ ስስ ዝገት ወይም ብናኝ ካለ ማለፍ ያቅተዋል። ብረቷ ወድቃ፣ ድልድይ ሠርታ፣ መልእክቱ አይሻገርም። ስለዚህ የዚህ ማሽን ትልቁ ጥገና መጥረግ ነው። ደረቅ ጨርቅና ብሩሽ። ይሄን ሥራ ሁሉም ይንቀዋል፤ እኔም እንቀው ነበር።

የብረቷ ክብደትም ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ከባድ ከሆነች ቶሎ ትወድቃለች፤ ግን ቀጭኑን ክር እየጎተተች ራሷ ትበጥሰዋለች። ቀላል ከሆነች ክሩን አትጎዳም፤ ግን ብናኝ ትንሽ ከደገፋት አትወድቅም። ወፍራም ክር ላይ የነበረውን ብረት ሳይቀይሩ ቀጭን ክር አስገብተው «ክሩ መጥፎ ነው» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል።

እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ከባዱ ጊዜው ነው።

ማሽኑ በደቂቃ 600 ሜትር ይጠቀልላል እንበል። አዳዲሶቹ ከዚህ በላይ፣ 1,000 ሜትርም ይሄዳሉ። 600 ሜትር በደቂቃ ማለት በሴኮንድ 10 ሜትር ነው። ብረቷ አንድ ሴንቲሜትር ለመውደቅ 0.045 ሴኮንድ ያስፈልጋታል። የመሬት ስበት ነው፤ ለማንም አያደላም። የዓይን ጥቅሻ እንኳን ከዚያ ይረዝማል። ግን በዚያች ቅጽበት ክሩ 45 ሴንቲሜትር ሄዷል። ገና ማሽኑ መስማቱ ነው።

ከዚያ ፍሬኑ ይመጣል። ፍሬኑ በ0.4 ሴኮንድ ውስጥ እያቀዘቀዘ ቢያቆመው ክሩ ሌላ 2 ሜትር ይሄዳል። ድምሩ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል። ብረቷ ካለችበት እስከ ቢሙ ያለው ርቀት 4 ሜትር ከሆነ አሸነፍን። ጭራው ሳይገባ ማሽኑ ቆሟል፤ ሰውዬው ጫፉን ይይዝና ይቋጥራል። ክሪሉ ከቢሙ ራቅ ተደርጎ የሚቀመጠው፣ ብረቶቹም ኮኖቹ አጠገብ የሚሆኑት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ርቀቱ ጊዜ ነው።

አሁን አንድ ቸኩል ሥራ አስኪያጅ ፍጥነቱን እጥፍ ያድርገው። 1,200 ሜትር በደቂቃ። ብረቷ እስክትወድቅ ክሩ 90 ሴንቲሜትር ይሄዳል፤ እሺ፣ እጥፍ ነው። ፍሬኑ ግን እጥፍ አይደለም የሚፈልገው። ያው ፍሬን፣ በያው ጉልበት ሲይዝ፣ የማቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ከ2 ሜትር ወደ 8 ሜትር። ጭራው ቢሙ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል።

ይሄን ያላመነ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርድ የአይሱዙ ሾፌር ይጠይቅ። በሰላሳ የሚወርድና በስልሳ የሚወርድ መኪና ፍሬን ሲይዙ እጥፍ ርቀት ብቻ አይደለም የሚለያያቸው። የተጫነና ባዶ መኪናም አንድ አይደሉም። ቢሙም እንደዚያው ነው። ሥራ ሲጀመር ባዶ አይሱዙ ነው፤ ሲሞላ ብዙ መቶ ኪሎ ክር ተሸክሟል። ባዶውን በደንብ ያቆመ ፍሬን ሙሉውን ላያቆም ይችላል። ፍሬን መሞከር ያለበት ቢሙ ሊሞላ ሲል ነው። ብዙ ቦታ የሚሞከረው ግን ጠዋት፣ ባዶውን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቢሙ ድንገት ሲቆም ከኋላ ያሉት ኮኖችስ? የሽንት ቤት ወረቀት በኃይል ጎትታችሁ ታውቁ ይሆናል። እናንተ አቁማችሁ እሱ መዞሩን ይቀጥላል፤ ወለሉ ላይ ይዘረገፋል። ኮኑም የሚዞር ቢሆን አምስት መቶ ክር ወለሉ ላይ ይከመር ነበር። ለዚህ ነው ኮኑ ተሰክቶ ዝም ብሎ የሚቆመው፤ ክሩ በጫፉ በኩል እየተፈታ ይወጣል። የሚዞር ነገር ስለሌለ የሚዘረገፍ ነገር የለም። የኮን ቅርጽ ለጌጥ አይደለም።

ከድሮፕ ዋየር ወዲህ ሌሎች መንገዶች መጥተዋል። አንዱ ብርሃን ነው። ከረድፉ ሥር ዓይን የማያየው የኢንፍራሬድ ጨረር ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋል። ብረቷ ወድቃ ጨረሩን ስትቆርጥ ሴንሰሩ ያውቃል። እዚህ ዝገት አያሳስብም። ብናኝ ግን ያሳስባል፤ ከዓይኑ ላይ ሲቀመጥ ክር ሳይበጠስ ያቆማል። ሌላው ብረቷን ጨርሶ ያስቀርና ክሩን ራሱን ያደምጣል። የሚሮጥ ክር ጣታችሁን ቢነካችሁ ይነዝራል አይደል? ክሩ አንዲት የሴራሚክ ቀለበት ነክቶ ያልፋል፤ ቀለበቷ ትነዝራለች፤ ከሥሯ ያለው ሴንሰር ያንን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። ክሩ ሲበጠስ ንዝረቱ ይጠፋል። መውደቅ ስለሌለ የስበት ጊዜ አይባክንም። ከሸማኔው ጣት ጋር በጣም የሚቀራረበው ይሄኛው ነው። አንድ ችግር አለው፤ ማሽኑ ሲነሳ ክሮቹ ሁሉ ገና ቀስ ብለው ስለሚሄዱ ንዝረት የለም። ስለዚህ ሴንሰሩ ለጥቂት ጊዜ ዓይኑን ጨፍን ይባላል። በዚያች ጊዜ የተበጠሰ ክር ጥፋቱ የማን ነው? ማንም መልስ የለውም።

ይሄ ራሱን የማስቆም ነገር ታሪክ አለው። ሳኪቺ ቶዮዳ የተባለ ጃፓናዊ የሽመና ማሽን ፈልሳፊ ነበር። የማግ ክር ሲበጠስ የሚቆም ማሽን ሠራ። ልጁም አገዘውና እ.ኤ.አ. በ1924 ድሩም ማጉም ሲበጠስ የሚቆም፣ ማግ ሲያልቅ ራሱ የሚተካ ማሽን ወጣ። በ1929 የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ የባለቤትነት መብቱን ለመጠቀም በ100 ሺህ ፓውንድ ተዋዋለ። ልጁ ኪኢቺሮ ደግሞ ፊቱን ወደ መኪና አዞረ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን የምትሳፈሩበት ዶልፊን የዚያ ቤተሰብ ሥራ ነው፤ ቶዮታ። እስከ ዛሬ ድረስ መኪና ሲገጣጥሙ እንከን ሲታይ መስመሩን የማስቆም ልማዳቸው ከክር የመጣ ነው። ጂዶካ ይሉታል።

ፋይዳው ምን ነበር? ማሽን ራሱን ካላስቆመ አጠገቡ ዓይኑን ተክሎ የሚቆም ሰው ይፈልጋል። ራሱን ካስቆመ አንድ ሰው ብዙ ማሽን ይጠብቃል። ጥሩ ነው። ግን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ያቺ ሌሊት የወደቅንበት። ማሽኑ ራሱን ያስቆማል ስንል ማንም አያየውም ማለታችንም ነው። የሞተ አሳዋቂ ጨርሶ ከሌለ አሳዋቂ ይብሳል። ባይኖር ኖሮ እናይ ነበር።

ክሪሉ ጋ ስደርስ ብረቶቹ ሥራቸውን ሠርተዋል። ሁለቱም ወድቀዋል፣ ሁለቱም ዘንጎቹ ላይ ተጋድመዋል። ዘንጎቹም ንጹሕ ናቸው። ከዘንጉ ወደ ማሽኑ የሚሄደው ሽቦ ግን በማያቋርጠው መንቀጥቀጥ ብሎኑ ላልቶ ወጥቷል። መልእክተኛው ደጅ ደርሶ በሩ የተዘጋበት ያህል ነው።

ነገሩ የብሎን ብቻ አይደለም። የአሠራሩ ነው። ሁለት ዓይነት የሌሊት ዘበኛ አስቡ። አንደኛው ሌባ ሲመጣ ብቻ ይጮኻል። ሁለተኛው በየሰዓቱ «አለሁ!» ይላል፤ «አለሁ» ካላለ ትነሳላችሁ። አንደኛው ዘበኛ እንቅልፍ ቢወስደው ግቢው ጸጥ ይላል፤ ሰላም ሲሆንም ግቢው ጸጥ ይላል። ዝምታው ሰላም ይሁን እንቅልፍ መለያ የለውም። የኛ ማሽን አንደኛው ዘበኛ ነበር። ኤሌክትሪክ የሚያልፈው ክር ሲበጠስ ብቻ ነው። ሽቦው ሲወጣ ምንም አላለፈም፤ «ምንም» ማለት ደግሞ በሱ ቋንቋ «ሁሉም ደህና» ነው።

ሁለተኛውን ዘበኛ መሥራት ከባድ አይደለም። በዘንጎቹ የመጨረሻ ጫፍ ላይ አንዲት ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክን ፍሰት የምትገድብ ትንሽ ዕቃ፣ ታስርና ሁልጊዜ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ዞሮ እንዲመለስ ታደርጋለህ። ያቺ ትንሽ ፍሰት «አለሁ» ናት። ብረት ስትወድቅ ፍሰቱ ይጨምራል፤ ማሽኑ ይቆማል። ሽቦ ሲበጠስ ፍሰቱ ይጠፋል፤ አሁንም ይቆማል። እንዲህ የሚሠሩ የዘመኑ ሴንሰሮች አሉ። የድሮ ማሽን ያላችሁ የኤሌክትሪክ ንድፉን ገልጣችሁ ይሄን ብቻ እዩ፤ ሽቦው ቢወልቅ ማሽኑ ይቆማል ወይስ ይሮጣል? የሚሮጥ ከሆነ አንደኛው ዘበኛ ነው ያላችሁ።

ቢሙን ምን አደረግነው? ሁለቱ ክሮች የት ላይ እንደጠፉ ማንም አያውቅም። ወረቀት ተጻፈና ተለጠፈበት፤ ሁለት ክር ይጎድላል ተብሎ። ሽመና ክፍሉ ከማሽኑ ጀርባ ሁለት ትርፍ ኮን ሰቅሎ የጎደለውን ቦታ እየሞላ ሠራው። የፈረቃው አለቃ ፊቱን ያበራለት ቆጣሪ ግን አልተቀነሰም፤ የሜትሩ ሪፖርት እንዳለ ሄደ።

ብሎኑን አጥብቄ ልሄድ ስል እትዬ አላስኬዱኝም። ማሽኑን አስነስተው ሙሉ ፍጥነት እስኪደርስ ጠበቁ። መቀሳቸውን ከኪሳቸው አወጡና ኮኑ አጠገብ አንዱን ደህና ክር ቀጭ አደረጉት። መብራቷ በራች፤ ማሽኑ አቃሰተና ቆመ። ወደ ፊት ሄደው ጭራውን ያዙት። ከጭራው ጫፍ እስከ ቢሙ ያለውን በክንዳቸው ለኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ሦስት ክንድ ተርፎታል» አሉና መቋጠር ጀመሩ። «ከሁለት ሲያንስ እጠራሃለሁ። አሁን ሂድ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ።»